ግራፋይት፣ አሉሚኒየም ወይስ እንጨት? የሪል መቀመጫ አመራረጥና አገጣጠም

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሦስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በእጄ ልሠራ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው። አንደኛው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ቆሜ ለሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ) የምወረውርበት ባለ 9 ጫማ ስፒኒንግ (ሪሉ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠልበት) ነው፤ የካርቦን ብላንኩ መቀመጫው በሚያርፍበት ቦታ 15.2 ሚ.ሜ. ውፍረት አለው። ሁለተኛው ለትራውት የሚሆን 5 ቁጥር ፍላይ ዘንግ (በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት፤ ቁጥሩ የክሩን ክብደት ያሳያል) ነው። ሦስተኛውን አገር ቤት ስሄድ ጫሞ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ለናይል ፐርች አስቤዋለሁ። ሻጩ ግራፋይት፣ አሉሚኒየምና እንጨት አሳየኝ፤ በዋጋ እጅግ ይራራቃሉ። አሉሚኒየም ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ከአገር ቤት የመጣ ቁራጭ ወይራም አለኝ፤ ለመቀመጫ ይሆናል?»

ምላሽ፦

ለመጀመሪያው ግራፋይት የሚባለውን፣ ለሁለተኛው እንጨት፣ ለሦስተኛው አሉሚኒየም ይያዙ። ወይራውም ይሆናል፤ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከታች አለ። «አሉሚኒየም ሁልጊዜ ይሻላል» ያሉዎት ግን ተሳስተዋል። በቼሳፒኩ ዘንግ ላይ አሉሚኒየም ቢያስገቡ ገንዘብ ከማውጣት በላይ ሌላ ጣጣም ይገዛሉ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰው መቀመጫ ሲመርጥ ስለ አካሉ ጥንካሬ ይጨነቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግን አካሉ አይደለም። የሚለቀው ሙጫው ነው፤ ወይም በመቀመጫውና በብላንኩ መካከል የተደረገው መሙያ ነው። የ80 ዶላር መቀመጫ በወረቀት ፕላስተር ላይ ተጣብቆ ከሚዞር፣ የ15 ዶላሩ በደንብ ተሞልቶ ቢጣበቅ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ የዚህ መልስ ግማሽ ስለ ማቴሪያል፣ ግማሹ ስለ አገጣጠም ነው።

በቃላቱ እንግባባ። ብላንክ ገና ክሩ የሚያልፍበት ቀለበትም እጀታም ያልተገጠመለት ባዶው ዘንግ ነው። መቀመጫው ሪሉ፣ ማለትም የማጥመጃው ክር የሚጠቀለልበት መዘውር፣ የሚታሰርበት ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፉ የማይነቃነቅ ቆብ አለ፤ በሌላው በኩል በጥርሱ ላይ የሚሽከረከር ዳዶ የሚገፋው ተንቀሳቃሽ ቆብ አለ። የሪሉ እግር ሁለት ጫፎች እነዚህ ሁለት ቆቦች ውስጥ ገብተው ይታሰራሉ። በቱቦውና በብላንኩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚይዘውን ነገር መሙያ እንለዋለን።

በግራፋይቱ ልጀምር፤ ስሙ ራሱ ያሳስታልና። ገበያ ላይ «ግራፋይት መቀመጫ» የሚባለው ከድፍን ካርቦን የተሠራ አይደለም። አጫጭር የካርቦን ወይም የመስታወት ክሮች የተደባለቁበት ናይሎን ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል። ይህ ስድብ አይደለም። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ከ1.2 እስከ 1.4 ግራም ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7፣ ናስ 8.5 አካባቢ ነው። አይዝግም፣ ጨው አይነካውም፣ በጥር ወር እጅ ላይ እንደ ብረት አይቀዘቅዝም። ናይሎን ትንሽ ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃ ውስጥ ውሎ ሲወጣ ዳዶው ጠበቅ ብሎ ሊዞር ይችላል። ይህ ከመሰበር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሲደርቅ ይመለሳል።

በቼሳፒክ ዳር የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን ቆቦቹን ይዩ። ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራ ቆብ ለትንሽ ሪል ይሆናል። በ4000 እና በ5000 መጠን ሪል ከባድ እርሳስ እየወረወሩ ግን የቆቡ ከንፈር እየተከፈተ ይሄዳል። የሚሻለው ከውጭ የስቴንለስ ስቲል ሽፋን፣ ከውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው ቆብ ነው። የጃፓኑ ፉጂ ዲፒኤስ በሚል መለያ የሚያወጣቸው ቱቦ መቀመጫዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። የውስጥ ንጣፉ ሁለት ሥራ አለው፤ የሪሉን እግር ከመፋቅ ያድነዋል፣ ብረት ከብረት እንዳይገናኝም ይለያል። ስለዚህ ሲገዙ ንጣፉ በቦታው መኖሩን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ወልቆ የጠፋበት ቆብ የሪሉን እግር ልል ያደርገዋል።

ርካሹን ከደህናው ለመለየት ሚዛን አያስፈልግም። በቱቦው ጎን ላይ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ስለታም ጠርዝ ካለ፣ የጥርሱ ጫፍ የተቀባ ይመስል ደብዝዞ ከታየ፣ ዳዶው በጥርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ከተንገጫገጨ ይተዉት። ቱቦውን መሀሉ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ ያድርጉት፤ እንቁላል ቅርጽ የሚይዝ ከሆነ ግድግዳው ቀጭን ነው። እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ግን ማግኔት የማይነካው ቆብም ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ብዙዎቹ ኒኬል የተለበጠባቸው ፕላስቲክ ናቸው። ማግኔቱ ብቻውን ግን አይፈርድም፤ አንዳንድ እውነተኛ ስቴንለስም ማግኔት አይስበውም። በጥፍር ሲመቱት የሚሰጠው ድምፅ የበለጠ ይናገራል።

ስለ ቀላልነት አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ሻጮች «10 ግራም ቀለለ» ብለው ዋጋ ይቆልላሉ። መቀመጫው ያለው እጅዎ ውስጥ ነው። ዘንጉን ሲያወዛውዙ በእጅ ላይ ያለ 10 ግራም ብዙም አይሰማም፤ ጫፍ ላይ ያለ 1 ግራም ግን ይሰማል። ክብደት መቀነስ ከፈለጉ ቀለበቶቹንና እነሱን በሚያስረው ክር ላይ የሚቀባውን ኢፖክሲ (ሁለት ክፍል ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ይቀንሱ። መቀመጫው ላይ ግን ጥንካሬውን ይያዙ።

አሉሚኒየሙን ለምን ከቼሳፒኩ ዘንግ እንዳራቅሁት ላስረዳ። ባሕረ ሰላጤው በሰሜን ጫፉ ጨው አልባ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ አትላንቲክ በወረዱ ቁጥር ግን ጨዋማነቱ ወደ ባሕር ይጠጋል። የእርስዎ ብላንክ ደግሞ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ካርቦንና አሉሚኒየም ተነካክተው መካከላቸው ጨዋማ ውኃ ሲገባ እንደ ባትሪ ሁለት ዋልታ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። መጀመሪያ በመቀመጫው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል። ዱቄቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሙጫውን ከውስጥ እየገፋ ያስለቅቀዋል። ከውጭ የሚያምረው መቀመጫ አንድ ቀን ሲወረውሩበት ይዞራል።

አኖዳይዝ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክሳይድ ሽፋን) ተደርጓል ይሉዎታል፤ ያግዛል። የተለመደው የአኖዳይዝ ሽፋን ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ነው፣ ጠንካራው ዓይነት ደግሞ 50 ማይክሮን ያህል ይደርሳል፤ ሁለቱም ከፀጉር ይቀጥናሉ። በዓለት ላይ ያስተኙት ዘንግ፣ በአሸዋ የተሞላ ጥርስ ላይ በኃይል የዞረ ዳዶ ይልጠዋል። ዳዶው ላይ ያለው ጨው ሲደርቅ ደግሞ ጥርሱን ቆልፎ ይይዝና ሪሉ አልወጣ ይላል። ከዳር በሚወረወር ዘንግ ላይ አሉሚኒየም የሚሰጥዎት ትርፍ ጥንካሬ አያስፈልግዎትም፤ ጣጣው ግን ሙሉ በሙሉ ይደርስዎታል።

በጫሞው ዘንግ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ናይል ፐርች ከመቶ ኪሎ ሊያልፍ የሚችል ዓሣ ነው። ከጀልባ ሲጎተት ሪሉ ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፤ ቀለበቶቹም ከላይ ናቸው። ዘንጉ በታጠፈ ቁጥር ሪልና ቀለበቱ ወደ ታች ሊገለበጥ ይፈልጋል፤ ያንን ጥምዘዛ የሚሸከሙት መቀመጫውና ሙጫው ናቸው። በዚያ ላይ ትልልቅ ሪሎች ከስር በኩል በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ አላቸው። ያንን ማሰሪያ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ቢያጠብቁት ቱቦው ይሰነጠቃል፤ በወፍራም አሉሚኒየም ላይ ግን ያለ ሐሳብ ይጠበቃል። ስለዚህ 6061-ቲ6 ከሚባለው አሉሚኒየም በቶርኖ የተቆረጠ፣ አኖዳይዝ የተደረገ፣ አንዱ ሌላውን የሚቆልፍ ሁለት ዳዶ ያለው መቀመጫ ይምረጡ። መጠኑን ሪሉ ይወስናል፤ ብዙ ጊዜ የውስጥ ስፋቱ ከ20 እስከ 24 ሚ.ሜ. ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ለዚህ ዘንግ ገና ብላንክ ካልገዙ ፋይበርግላስ ይግዙ። ለከባድ ጎታች ዓሣ ታጋሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከላይ ያልኩት የባትሪ ጣጣም ከሥሩ ይጠፋል። ካርቦን ከሆነ ግን መቀመጫው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድመው በአንድ ዙር ቀጭን የፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ይሸፍኑት።

የጫሞ ውኃ እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አልካላይን ነው። የአሉሚኒየም መከላከያ ሽፋን ጠንካራ አሲድንም ጠንካራ አልካሊንም አይወድም። ለአንድ ሳምንት የሚረጭበት የሐይቅ ውኃ አይጎዳውም፤ ሳይታጠብ ደርቆበት ወር ሲቆይ ግን ነጠብጣብ ያወጣል። ማታ ማታ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ይበቃል። በረኪናና የምድጃ ማጽጃ ግን አያስነኩት፤ እነሱ ከሐይቁ ይልቅ ይበሉታል።

አሮጌ ዘንጎች ላይ ክሮም የተለበጠ ናስ ያገኙ ይሆናል። ከባድ ነው፣ ልባጡ ሲላጥ አረንጓዴ ያወጣል፤ አዲስ ዘንግ ላይ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ፍላይ ዘንጉ። እዚህ ሪሉ ከእጅ በታች፣ በዘንጉ መጨረሻ ላይ ነው፤ 5 ቁጥር ዘንግ ላይ ለትራውት የሚደርስበት ጫና ትንሽ ነው። ውኃውም ጨው የለውም። ስለዚህ እንጨት ሙሉ በሙሉ ይበቃል፤ ውበትም እዚህ ቦታ አለው። መቀመጫው ሁለት ነገር ነው፤ መሀሉ ላይ የእንጨት እምብርት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የብረት ቆብና ዳዶ። ብረቱ አሉሚኒየም ወይም ኒኬል ሲልቨር ይሆናል። ኒኬል ሲልቨር ስሙ ሲልቨር ቢልም ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይከብዳል፣ በጊዜ ብዛት ቢጫማ ይሆናል፣ በጨርቅ ሲወለወል ይመለሳል። ጥርሱ ከአሉሚኒየም ጥርስ ይልቅ በቀላሉ አይበላም። ለ5 ቁጥር ሁለቱም ይሆናሉ፤ ክብደቱ ከታች መሆኑ ረዥም ዘንግ በእጅ ላይ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ሚዛን ሊሰጥም ይችላል። ዳዶ የሌለው፣ በሁለት ቀለበት መጣበቅ ብቻ የሚይዝ ዓይነትም አለ። እሱን ለ3 እና ለ4 ቁጥር ይተዉት፤ እንጨቱ በክረምት ማሞቂያ ቤት ውስጥ ደርቆ ሲሟሽሽ ቀለበቱ ይላላልና።

ወይራ ለዚህ ሥራ ከምንም በላይ የሚመቸው ጥግግቱ ነው። ክብደቱ ለውኃ ይቀርባል፣ ቀዳዳዎቹ ደቃቅ ናቸው፣ ሲወለወል ያለ ቫርኒሽ እንኳ ያበራል። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ሲበሱትም በፍጥነት ይግላል። ሰዎች ለስላሳ እንጨትን በቫኪዩም ቀጭን ፈሳሽ ፕላስቲክ (ሬዚን) አጠጥተው በምድጃ ያጠነክሩታል። ዋንዛ ቢሆን ያንን አደርግ ነበር፤ ወይራ ግን ብዙም አይጠጣም፣ ስለዚህ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁራጩ 30 በ30 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 120 ሚ.ሜ. ቢሆን ትርፍ ይኖረዋል። መሀል ለመሀል የቆየ ስንጥቅ ካለ ይጣሉት፤ በሙጫ የተደፈነ ስንጥቅ ዳዶው ሲጠብቅ ይከፈታል። ከሻንጣ እንደወጣ አይሥሩበት፤ ጫፍና ጫፉን በቀለጠ ሰም ቀብተው ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይተዉት፣ በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ ይመዝኑት፣ ክብደቱ ለሦስት ሳምንት ሳይቀንስ ሲቀር ደርቋል። ከዚያ አስቀድመው ይብሱት እንጂ መጀመሪያ አያድቦልቡሉት። ቀዳዳው ከብላንኩ ጫፍ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ። መሰርሰሪያውን በየ10 ሚ.ሜ. አውጥተው ፍርፋሪውን ያራግፉ፤ ጭስ ከሸተተዎት ውስጡ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቀጥሎ ቀዳዳው ውስጥ ቶርኖው የሚይዘው የብረት ዘንግ አስገብተው በገዙት የብረት ቆብና ዳዶ ልክ ያድቦልቡሉት።

የሪሉ እግር የሚያርፍበት ቦይ የሚቆረጥበት መቀመጫ ከሆነ፣ ከቦዩ ሥር እስከ ቀዳዳው የሚቀረው እንጨት ከ2 ሚ.ሜ. አይነስ። የእንጨት መቀመጫ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እዚያ ጋ ነው። በ220፣ በ400፣ ከዚያ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ይሂዱ፤ የወይራ እንጨት ቅባትነት ስላለው ሙጫ ከመቀባትዎ በፊት የቀዳዳውን ውስጥና ጫፎቹን በአሴቶን ይጥረጉ። የውጩን በቀጭን ኢፖክሲ ወይም በጀልባ ቫርኒሽ ሦስት አራት ጊዜ ቀብተው በየመካከሉ በ600 ያለስልሱ። ውኃ የሚገባው በጎን ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች ስለሆነ ጫፎቹን አብዝተው ያጠጡ።

እንግዲህ ወደ ልኩ። በብዙ መቀመጫዎች ላይ 16፣ 17፣ 18፣ 20 ተብሎ የተጻፈው የውስጥ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ ፋብሪካው ከፋብሪካ ስለሚለያይ ግን በካሊፐር ይለኩት። ትልቅ መግዛት አያዋጣም፤ እጅ ያደክማል፣ ክፍተቱን ያሰፋል። ትንሽ መግዛትም የሪሉ እግር ቆቡ ውስጥ አልገባ ይላል። ስለዚህ ሪሉን ይዘው ይሂዱ። ቆቡ ውስጥ የእግሩ ጫፍ ሦስት አራተኛው ገብቶ ጠበቅ ሲል ልክ ነው፤ እስከ መጨረሻው ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባ እግሩ ለቆቡ ቀጭን ነው።

ለቼሳፒኩ ዘንግ 18 ቁጥር እገምታለሁ። ብላንኩ 15.2 ስለሆነ ልዩነቱ 2.8፣ በእያንዳንዱ ጎን 1.4 ሚ.ሜ. ክፍተት ይቀራል። አንድ ዙር የቀለም ቀቢዎች ማስኪንግ ቴፕ 0.14 ሚ.ሜ. ያህል ነው፤ 10 ዙር ሊጠመጠም ነው ማለት ነው። ይህ በዝቷል። ቴፕ ወረቀት ነው፤ ሙጫው የሚይዘው የላይኛውን ዙር ብቻ ሲሆን ከሥሩ ያሉት ዘጠኝ ዙሮች የሚያያዙት በራሳቸው ደካማ ማጣበቂያ ነው። ሙቀት ሲያገኛቸው ይንሸራተታሉ፤ ውኃ ሲያገኛቸው ይበሰብሳሉ። የእኔ መስመር እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱ በጎን ከ1 ሚ.ሜ. በታች ከሆነ ቴፕ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከጠንካራ ፎም የተሠራ መሙያ ይሁን። ቴፕ የሚያደርጉ ከሆነም ቱቦውን ሙሉ አይሸፍኑት። ወርዱ 10 ሚ.ሜ. የሆነ ቴፕ በሦስት ቦታ ይጠምጥሙ፤ መካከሉ ባዶ ይሁንና ኢፖክሲው ብላንኩንና መቀመጫውን በቀጥታ ያያይዝ።

የፎም መሙያው መሀሉ የተበሳ ቀለበት ነው። ቀዳዳውን በክብ ሞረድ፣ ወይም ከዚያ በሚሻል መንገድ፣ በአሮጌ ዘንግ ላይ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠምጥመው ያስፉት። ብላንኩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቀዳዳውም እንደዚያው መሆን አለበት። በቀላል ግፊት ገብቶ ሳይንገጫገጭ ሲቆም በቂ ነው፤ ለሙጫው 0.2 ሚ.ሜ. ያህል ይቀራል። ለጫሞው ዘንግ ፎም አልመክርም። እዚያ የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፈንበትን የፋይበርግላስ መረብ ቴፕ በኢፖክሲ እያጠጡ ይጠምጥሙና ሲደርቅ ወደ ልክ ያለስልሱት፤ ድንጋይ ይሆናል። ቡሽ ለመሙያ የሚጠቀሙ አሉ። ቡሽ ለእጀታ ግሩም ነው፤ ከመቀመጫ ሥር ግን ይጨመቃል፣ ለከባድ ዘንግ አይሆንም።

ሙጫው በዝግታ የሚጠነክር፣ ወፈር ያለ፣ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ይሁን። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን አይግዙ፤ ሙቀትና እርጥበት ላይ ደካማ ነው፣ ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም። አንዱን ክፍል ከሌላው እኩል በእኩል ተብሎ ከተጻፈ በዓይን ሳይሆን በመርፌ ስሪንጅ ይለኩ፤ ሬሾው የተዛባ ኢፖክሲ ዕድሜ ልኩን እንደ ማስቲካ ይቀራል። ለአንድ መቀመጫ 8 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ግማሹ ተጨምቆ ይወጣል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ጋራዥ ውስጥ በታኅሣሥ የተጣበቀ መቀመጫ በሁለተኛው ቀን ገና ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ከመቀባት በፊት ብላንኩን በ320 ወረቀት ብርሃኑ እስኪጠፋ ብቻ ይጥረጉ፤ የካርቦኑን ክር እስኪያዩ ከሄዱ ብላንኩን አደከሙት። የመቀመጫውን ውስጥ ግን በ80 ቁጥር ያለ ርኅራኄ ይፋቁት። ናይሎንን ኢፖክሲ አይወደውም፤ የሚይዘው በተፋቀው ጭረት ውስጥ ገብቶ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የቀባው ቅባት ውስጡ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ከዚያ ፋቅ፣ ከዚያ እንደገና በአልኮል። አሉሚኒየም ከሆነ ከፋቁት በኋላ በአሴቶን ጠርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጣብቁ፤ በቆየ ቁጥር ላዩ ላይ የሚሠራው ኦክሳይድ ይወፍራል። ጥርሱና ዳዶው ላይ ሙጫ እንዳይሄድ ጥርሱን በቀጭን ቫዝሊን ይቀቡ፤ ቫዝሊኑ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገባ በጣት ሳይሆን በጥርስ ብሩሽ ይሁን።

ሙጫውን በብላንኩም፣ በመሙያውም፣ በመቀመጫው ውስጥም ይቀቡ። መቀመጫውን እያዞሩ ያስገቡት። ቀጥ ብሎ ከተገፋ ሙጫውን እንደ ፒስተን ጠርጎ ከፊቱ ይወስደዋል፤ ውስጡ ባዶ ይቀራል። የወጣውን በአልኮል በነከረ ጨርቅ ወዲያው ይጥረጉ። የሪሉ ቦታ ከቀለበቶቹ መስመር ጋር መግጠሙን ሪሉን አስረው በዘንጉ ርዝመት እያዩ ያስተካክሉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሰው ይዩት፤ ኢፖክሲው ገና ስላልያዘ መቀመጫው በራሱ ክብደት ሊዞር ወይም ሊንሸራተት ይችላል። 24 ሰዓት ሳይነኩት ይቆይ፤ ሙሉ ጉልበቱን እስኪይዝ ሳምንት ይስጡት።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ይጨመር። ቤት ውስጥ የጠነከረ ኢፖክሲ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ እዚያ ይደርሳል፤ በሜሪላንድም በሐምሌ፣ በዱባይና በኩዌትማ በብዙ ወራት። ባለ 120 ሚ.ሜ. አሉሚኒየም መቀመጫ በ40 ዲግሪ ልዩነት 0.11 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ካርቦን ግን አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ያንን ልዩነት የሚሸከመው ለስልሶ ያለው ሙጫ ነው። ሪል ታስሮበት በክምር ዕቃ ሥር መኪና ውስጥ የዋለ ዘንግ ጠዋት የተጣመመ መቀመጫ ይዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘንጉን ከያዙ በኋላ የሚሰሙት ነገር ብዙ ይነግርዎታል። ሲወረውሩ «ቅጭ» የሚል ድምፅ ከእጀታው ከመጣ ሙጫው አንድ ቦታ ለቋል፤ ገና አልዞረም፣ ይዞራል። ሪሉ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሙጫው አይደለም፤ የእግሩ ውፍረት ከቆቡ ጋር አልገጠመም። ከብስክሌት ካላማዳሪያ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ከእግሩ ሥር ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ዳዶውን በፒንሳ አያጥብቁ። በእጅ ጠብቆ የማይዝ ዳዶ ጥርሱ አልቋል ወይም እግሩ አልገጠመም፤ ፒንሳ ሁለቱንም ያባብሳል። ከባሕረ ሰላጤው ሲመለሱ ሪሉን ፈትተው ሁለቱንም በንጹሕ ውኃ ያጥቡ። ሪሉን ሳይፈቱ ማጠብ ጨዉን ከእግሩ ሥር መቆለፍ ነው።

የለቀቀ መቀመጫ ማውጣት ካለብዎት ብላንኩን በእሳት አያሙቁ። ሙጫውን የሚያለሰልስ ሙቀት የካርቦኑንም ማጣበቂያ ሊነካ ይችላል። የፈላ ውኃ በጨርቅ ላይ ደጋግሞ ማፍሰስ ለብዙ ኢፖክሲ ይበቃል፤ ሙጫው ለስለስ ሲል መቀመጫውን በጓንት ይዘው ያዙሩት። እምቢ ካለ መቀመጫውን ይሠዉት፤ በቀጭን ሞረድ ወይም በትንሽ መቁረጫ በርዝመቱ ሁለት ቦታ ይሰንጥቁት፣ ቢላውም መሙያው ላይ ሲደርስ ያቁሙ። መሙያው 1.4 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ በመሰንጠቂያው ላይ በቀለም ምልክት አድርገው ጥልቀቱን ይወስኑ፤ ብላንኩ ላይ የተጫረ መስመር ከዚያ ወዲያ ዘንጉ የሚሰበርበት ቦታ ነው።